ከእጮኛችሁ ጋር የትኛውን ፐርሰናሊቲ ቴስት ትሞላላችሁ?

«አንቺ ምንድን ነሽ? ኢንትሮቨርት ነሽ?» የሚለው ጥያቄ አሁን አሁን በቴሌግራም ትውውቅ ውስጥ ከሰፈርና ከሥራ ጥያቄ ቀጥሎ ይመጣል። ሁለት ሰዎች ይቀራረባሉ። ሊንክ ይላላካሉ። ፐርሰናሊቲ ቴስት፣ ማለትም የጠባይ መጠይቅ፣ ይሞላሉ። ከዚያ የትኛው ዓይነት ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም የሚያሳይ ሰንጠረዥ ይከፍታሉ። ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ደስ ይላቸዋል። መጥፎ ከሆነ አንዳንዱ ልቡ ይሸሻል፤ ደህና ሰው ትቶም ይሄዳል። ይህን ስጽፍ በተለይ እሱን እያሰብኩ ነው።

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። ቴስቶቹ እኩል አይደሉም። ጥቂቶቹ ስለ ራሳችሁ ቁም ነገር ይነግሯችኋል። አብራችሁ መኖር ትችሉ እንደሆነ ግን አንዳቸውም አይነግሯችሁም። ከጋብቻ በፊት የሚደረግ የደም ምርመራ «አለ» ወይም «የለም» ብሎ ቁርጡን ይነግራል። ፐርሰናሊቲ ቴስት እንዲህ ያለ ቁርጥ መልስ የለውም። ስለዚህ ከመምረጣችሁ በፊት ጥያቄያችሁን ለዩ። «በፍቅር ውስጥ እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?» የሚል ሰው የሚሞላው አንድ ነው። «ለትዳር ያልተነጋገርነው ምንድን ነው?» የሚሉ ጥንዶች የሚሞሉት ሌላ ነው። «ይህን ሰው ላግባው ወይስ ልተወው?» ለሚል ጥያቄ የተሠራ ቴስት የለም።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

«ይገጥማሉ» ሲባል

የመግጠም ሐሳብ ለእኛ አዲስ አይደለም። በአውደ ነገሥት የሚቆጥር ሰው የልጁንና የእናቱን ስም ፊደላት በቁጥር ይተምናል። ድምሩን በ12 ይገድፋል። ቀሪው ከሐመል እስከ ሑት ካሉት ኮከቦች አንዱን ይሰጠዋል። የልጅቷንም እንዲሁ ያደርግና «ኮከባቸው ገጥሟል» ወይም «አልገጠመም» ይላል። ዛሬ ብዙ የተማረ ወጣት ይህን አይቀበልም። ከፐርሰናሊቲ ቴስት የሚወጡትን የ16ቱን ዓይነቶች የመግጠም ሰንጠረዥ ግን ሳያቅማማ ይቀበላል። ሰንጠረዡ ሳይኮሎጂ የሚሸት ስም አለውና።

የጠባይ መመሳሰል ለትዳር ምን ያህል እንደሚጠቅም በደንብ ተጠንቷል። በ2010 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት በአውስትራሊያ፣ በእንግሊዝና በጀርመን ያሉ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ባለትዳሮችን መረጃ ተጠቅሟል። የራስ ጠባይ ለራስ እርካታ የተወሰነ ድርሻ ነበረው። የትዳር አጋር ጠባይም ትንሽ ድርሻ ነበረው። የሁለቱ መመሳሰል ድርሻ ግን ከአንድ በመቶ ግማሽ እንኳ አልሞላም። ኢምንት ነው ማለት ነው።

በ2020 ደግሞ ሰማንታ ጆኤል የተባለች ተመራማሪ ከብዙ ባልደረቦቿ ጋር 43 የተለያዩ ጥናቶችን መረጃ አንድ ላይ አሰባሰበች። ከ11 ሺህ በላይ ጥንዶች ነበሩበት። ጥያቄያቸው «የፍቅር እርካታን ከሁሉ በላይ የሚተነብየው ምንድን ነው?» የሚል ነበር። ከሰዎቹ ጠባይ ይልቅ በሁለቱ መካከል ያለው ነገር በልጦ ተገኘ። አጋሬ ለዚህ ግንኙነት ቆርጧል ብሎ ማመን፣ ያደረገልኝን አይቶ ማመስገን፣ በአልጋ ላይ ደስተኛ መሆን፣ ጠብ ስንት ጊዜ እንደሚነሳ፣ እንዲህ ያሉ ነገሮች። እነዚህ ደግሞ አብሮ ከመኖር የሚመጡ ናቸው። ሁለት ሰዎች ከመተዋወቃቸው በፊት በፐርሰናሊቲ ቴስት ሊለኩ አይችሉም።

ስለዚህ የመግጠም ሰንጠረዥ የሚሰጣችሁን ቴስት በዚያ በኩል አትጠቀሙበት። የቀረው ክፍሉ ግን እንደየቴስቱ ይለያያል። ወደ እሱ እንሂድ።

ባለ አራት ፊደሉ፦ ኤምቢቲአይ

በጣም የታወቀው ይህ ነው። ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ብሪግስ ማየርስ ናቸው የሠሩት። ሁለቱም በሳይኮሎጂ የሠለጠኑ አልነበሩም። ካርል ዩንግ በ1921 ባሳተመው ሐሳብ ላይ ተመሥርተው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መጠይቁን ማዘጋጀት ጀመሩ። ሰውን በአራት ጥንድ ይከፍላል። ኃይሉን ከሰው ጋር ሆኖ ያገኛል ወይስ ለብቻው? በተጨባጩ ነገር ላይ ያተኩራል ወይስ በሐሳብ ላይ? በምክንያት ይወስናል ወይስ በስሜት? በዕቅድ ይኖራል ወይስ እንዳመጣው? ከአራቱ መልሶች 16 ዓይነቶች ይወጣሉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙዎቻችሁ በነጻ የሞላችሁት ድረ ገጽ፣ «16 ፐርሰናሊቲስ» የሚባለው፣ ዋናው ኤምቢቲአይ አይደለም። ፊደሎቹን ወስዶ የራሱን ሞዴል የሠራና አምስተኛ ፊደል የጨመረ ሌላ ቴስት ነው። ዋናው በክፍያ ነው።

የኤምቢቲአይ ትልቁ ችግር መስመሩን መሐል ላይ ማስመሩ ነው። አብዛኛው ሰው በየጥንዱ መሐል አካባቢ ነው ያለው። ጠባያችሁ ለብቸኝነት 51 በመቶ ካዘነበለ «አይ» (I፣ ኢንትሮቨርት) ትባላላችሁ። እጮኛችሁ 49 ከሆነ «ኢ» (E፣ ኤክስትሮቨርት) ይባላል። በተግባር አንድ ናችሁ፤ በወረቀት ግን ተቃራኒ ናችሁ። 95 በመቶ ዝምተኛ የሆነው ጎረቤታችሁ ግን ከእናንተ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ከሳምንታት በኋላ ቴስቱን ደግመው ከሚሞሉት ብዙዎቹ ቢያንስ አንድ ፊደል የሚቀየርባቸውም ለዚህ ነው። የሚሸጡት ሰዎች ራሳቸው ለቅጥር እንዳይውል ያስጠነቅቃሉ። ለቅጥር የማይሆን ነገር የትዳር አጋር ለመምረጥ እንዴት ይሆናል?

ሁለተኛው ችግር ለፍቅር ይበልጥ የሚያሳስብ ነው። ሰው ምን ያህል ቶሎ እንደሚረበሽ፣ እንደሚጨነቅ፣ ሆዱ እንደሚብስ፣ ኤምቢቲአይ አይጠይቅም። ሁሉም 16 ዓይነቶች በደግ ቃል ነው የተገለጹት። ከዚህ በታች እንደምታዩት ግን፣ ከጠባይ ሁሉ ለትዳር ከፍተኛ ክብደት ያለው ያ የተተወው ነው።

ታዲያ ምን ይጠቅማል? ለጨዋታ ማስጀመሪያ ጥሩ ነው። «ከሰው ብዛት በኋላ ለብቻዬ መቀመጥ ይናፍቀኛል» ማለት የከበደው ሰው «ኢንትሮቨርት ነኝ» ማለት ይቀለዋል። ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ማኅበርና ክርስትና በማያልቅበት አገር ይህን ቀድሞ መናገር ብዙ ቅያሜ ያስቀራል። ለዚህ ተጠቀሙበት። ከዚህ አትለፉ።

ተመራማሪዎች የሚጠቀሙት፦ ቢግ ፋይቭ

አንድ ቴስት ብቻ ልትሞሉ ከሆነ ይህን ሙሉ። ቢግ ፋይቭ ሰውን በሳጥን አይከፍልም። በአምስት ነገሮች ላይ የት እንዳላችሁ በቁጥር ያሳያል። አንደኛው ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን ነው። ሁለተኛው ሥርዓትና ኃላፊነት ነው፤ ቀጠሮ ማክበር፣ የጀመሩትን መጨረስ። ሦስተኛው ተጫዋችነት ነው። አራተኛው ቅንነትና ለሰው ማሰብ ነው። አምስተኛው ቶሎ መረበሽ ነው።

በነጻ ማግኘት ቀላል ነው። በአሜሪካ ኦሪገን ይሠራ የነበረው ሉዊስ ጎልድበርግ ጥያቄዎቹን ማንም እንዲጠቀምባቸው ያለ ክፍያ ለቀቃቸው። ከእነሱ የተዘጋጀ ባለ 120 ጥያቄ መጠይቅ ኢንተርኔት ላይ አለ። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ድካማችሁን ይክሳል። ባለ 10 ጥያቄ አጫጭሮቹ ለተመራማሪ ይሆኑ ይሆናል፤ ራስን ለማወቅ አይበቁም።

አምስተኛው ላይ ልቆይ። ቶሎ የሚረበሽ ሰው ትንሽ ነገር ውስጡ ይገባል። ሲብሰለሰል ያድራል። ሆደ ባሻ ነው። «ዛሬ ለምን ድምፅህ ተለወጠ?» ይላል። ይህ ሰው ክፉ አይደለም። ብዙ ጊዜ እንዲያውም በጣም የሚወድ ሰው ነው። ነገር ግን ትዳሩ ሰላም እንዲያገኝ ከሌላው የበለጠ መሥራት አለበት። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ 300 የታጩ ጥንዶችን የመዘገበ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ጥንዶቹን እስከ 1980 ድረስ ተከታትለዋቸዋል። ትዳሩ እንዴት እንደሚሆን ከጠቆሙት የጠባይ ነገሮች ጎልተው የወጡት ሦስት ናቸው፦ የባል ቶሎ መረበሽ፣ የሚስት ቶሎ መረበሽ፣ የባል ራሱን መቆጣጠር አለመቻል። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ብዙ ጥናቶችም ወደዚያው ያመለክታሉ። ረጋ ያለ፣ ቅንና ኃላፊነት የሚሰማው አጋር ያለው ሰው በአማካይ የተሻለ ረክቶ ይኖራል።

ቴስቱ የሚጠቅመው ይህን በራሳችሁ ላይ ስታዩ ነው። ውጤታችሁ በአምስተኛው ከፍ ካለ «እኔ ለትዳር አልሆንም» ማለት አይደለም። ሳትተኙ፣ ሳትበሉ፣ ደመወዝ ባለቀበት ሳምንት ከባድ ወሬ አታንሱ ማለት ነው። የመጀመሪያው የመጣላችሁ ትርጉም ሁልጊዜ ትክክል ላይሆን እንደሚችል እወቁ ማለት ነው። ይህ ጠባይ ደግሞ የተቸነከረ አይደለም። በብዙ ሰው ላይ ከዕድሜ ጋር ይበርዳል። በሕክምናና በምክርም ይለዝባል።

የአጋራችሁ ውጤት በእጃችሁ ሲገባ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «አንተ በቅንነት ዝቅተኛ ነህ፤ ቴስቱም ይመሰክራል» ማለት ከተጀመረ ቴስቱ ዱላ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አጋራችሁ እውነቱን አይሞላም።

ሌላም ገደብ አለው። ቢግ ፋይቭ በአብዛኛው በምዕራባውያንና በተማሩ ሰዎች ላይ የተሠራ ነው። በ2013 በቦሊቪያ ደን ውስጥ በሚኖሩት ጺማኔ በሚባሉ ሕዝቦች ላይ ሲሞከር አምስቱ ነገሮች ተለይተው አልወጡም። የእኛም አስተዳደግ መልሱን ይቀይረዋል። በታላላቆቿ ፊት ድምፅ ዝቅ አድርጋ እንድትናገር የተማረች ልጅ «ብዙ ሰው ባለበት ዝም እላለሁ» ለሚለው «አዎ» ትላለች። ከጓደኞቿ ጋር ግን ቤቱን በሳቅ የምትሞላ ልትሆን ትችላለች። ያ ዝምታ ጨዋነት ነው፤ ጠባይዋን አያሳይም። ስለዚህ ስትሞሉ አዛውንት ፊት ያለውን ራሳችሁን ሳይሆን ከቅርብ ጓደኛ ጋር ያለውን ራሳችሁን አስቡ።

ስለ ኩርፊያ የሚናገረው፦ የአታችመንት መጠይቅ

ለፍቅር ጥያቄ ብቻ ከሆነ የምፈልገው፣ የእኔ ምርጫ ይህ ነው።

መነሻው ጆን ቦልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። ሕፃን ከሚያሳድገው ሰው ጋር ያለው ትስስር (አታችመንት የሚባለው ይህ ነው) ለሕይወቱ መሠረት ነው አለ። አብራው የሠራችው ሜሪ ኤንስዎርዝ ደግሞ ከ1954 ጀምሮ ኡጋንዳ ውስጥ፣ ከካምፓላ ብዙም ባልራቁ መንደሮች፣ እናቶችንና ሕፃናትን ቤታቸው እየሄደች ተመለከተች። ይህ ሳይንስ አንድ እግሩ እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። በ1987 ሁለት ተመራማሪዎች፣ ሲንዲ ሄዛንና ፊሊፕ ሼቨር፣ ሐሳቡን ወደ አዋቂዎች ፍቅር አመጡት። በዴንቨር ከተማ ጋዜጣ ላይ መጠይቅ አወጡና አንባቢዎች ሞልተው ላኩላቸው።

ዛሬ የሚሞላው የተሻለው ቅጂ 36 ጥያቄዎች አሉት። ሁለት ነጥብ ይሰጣል። አንዱ «ይተወኛል» የሚለው ስጋታችሁ ምን ያህል እንደሆነ ነው። ሁለተኛው፣ ሰው ሲቀርባችሁ ምን ያህል እንደምትሸሹ ነው። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ልባችሁ ያርፋል፤ ሰው አምናችሁ ትቀርባላችሁ።

ስጋቱ ከፍ ያለበት ሰው መልእክት ከላከ በኋላ ስልኩን አያስቀምጥም። «ሲን አድርጎ ዝም አለኝ» ይላል። ደጋግሞ ይደውላል። ሽሽቱ ከፍ ያለበት ደግሞ ነገር ሲከርር ይዘጋል። ስልክ አያነሳም። ያኮርፋል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ባሳደደ ቁጥር ሌላው ይሸሻል፤ ሌላው በሸሸ ቁጥር አንዱ ያሳድዳል። ይህ ዑደት በጥንዶች ጥናት ውስጥ በተደጋጋሚ የተመዘገበ ነው፤ ትዳርንም በእጅጉ ይጎዳል። ጥንዶችን ለአሥርተ ዓመታት በሲያትል ያጠናው ጆን ጎትማን ጠብ ውስጥ ገብቶ እንደ ግንብ ዝም ማለትን ከአራቱ አደገኛ ምልክቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሦስቱ ሰውየውን ራሱን መንቀፍ፣ ንቀትና ለሁሉም ነገር መከላከያ ማቅረብ ናቸው።

ኩርፊያ በእኛ ቤት የተለመደ ነው። ሳምንት የሚያኮርፍ አባት ያየ ልጅ እንዲህ ነው የሚኖረው ብሎ ያድጋል። ይህ መጠይቅ ያንን ልማድ በቁጥር ያሳየዋል። ስለዚህ ወሬው ከ«አንተ ክፉ ነህ» ወደ «እኔ ስፈራ እሸሻለሁ፤ አንቺ ስትፈሪ ታሳድጂኛለሽ» ይዞራል። ከዚያ ስምምነት ይቻላል። ለምሳሌ፦ «ስናደድ ዝም እላለሁ፤ ግን ነገ ማታ 2 ሰዓት ላይ እንነጋገራለን።» ለሚሸሸው ጊዜ ይሰጠዋል። ለሚሰጋው ቀጠሮ ይሰጠዋል።

አንዱ በሪያድ ወይም በዋሽንግተን ሌላው በአዲስ አበባ ለሆኑ ጥንዶች ይህ መጠይቅ እጥፍ ይጠቅማል። ግንኙነቱ በሙሉ በስልክ ነው። ዝምታ ሁሉ ይተረጎማል። በሰው ቤት የምትሠራ ሴት ስልክ የምትይዝበት ሰዓት በእጇ ላይሆን ይችላል። ይህን የማያውቅ የሚሰጋ ልብ መጥፎውን ያስባል።

ቲክቶክ ላይ «አቮይዳንት (የሚሸሽ) ከሆነ ጥለሽው ሂጂ» የሚሉትን አትስሙ። ሰው ከአንዱ አጋር ጋር ሰጊ፣ ከሌላው ጋር የተረጋጋ ሊሆን ይችላል። ነጥቡ በጊዜ ውስጥ ይቀየራል።

አምስቱ የፍቅር ቋንቋዎች

ጋሪ ቻፕማን የተባለ አሜሪካዊ የባፕቲስት ፓስተር በ1992 ነው ያወጣው። የምስጋና ቃል፣ አብሮ ጊዜ ማሳለፍ፣ ስጦታ፣ ማገልገል፣ መንካት። እያንዳንዱ ሰው ዋና ቋንቋ አለው፤ አጋሩ በዚያ ቋንቋ ካልተናገረው ፍቅር አይደርሰውም ይላል።

በ2024 ተመራማሪዎች ያለውን ማስረጃ ሰብስበው ሲመረምሩ ዋናዎቹ ሐሳቦች ብዙ ድጋፍ አላገኙም። ቴስቱ ከሁለት አንዱን ምረጡ ስለሚል ነው አንድ ቋንቋ የሚወጣው። ሰዎች እያንዳንዱን ለየብቻ ሲጠየቁ ሁሉንም ይፈልጋሉ። ቋንቋቸው የተመሳሰለ ጥንዶችም ከሌላው የበለጠ ደስተኛ ሆነው አልተገኙም። ደግሞስ ጉርሻን የት ታስገቡታላችሁ? ስጦታ ነው? አገልግሎት ነው? መንካት ነው? እናትና አባቶቻችን «እወድሻለሁ» ሳይባባሉ 40 ዓመት ሲኖሩ አንዱ ለአንዱ ያስቀመጠው የወጥ ሥጋ ብዙ ይናገር ነበር።

እንደ ቴስት ዝቅተኛ ነው። እንደ ወሬ ግን እወደዋለሁ። «በቅርቡ ካደረግኩልሽ ነገር በጣም የተሰማሽ የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ የመጣ ነው። ሊንኩን ትታችሁ ጥያቄውን ብቻ ውሰዱ።

አራቱ ጠባዮችና ዘጠኙ ቁጥሮች

ሳንጉዊን፣ ኮሌሪክ፣ ሜላንኮሊክ፣ ፍሌግማቲክ። በብዙ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የቅድመ ጋብቻ ትምህርት ላይ የምትሰሙት ይህን ነው። መነሻው የጥንት ግሪክ ሕክምና ነው። ሰውነት በደም፣ በአክታ፣ በቢጫና በጥቁር ሐሞት ይመራል ይባል ነበር። ሕክምናው ከተተወ ቆይቷል፤ አከፋፈሉ ግን ቀረ። የሚያስተምሩት ሰዎች ልብ ጥሩ ነው። ጥንዶች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ስለ ጠባያቸው እንዲያወሩ ያደርጋሉ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን «ኮሌሪክ ስለሆንኩ ነው የምቆጣው» የሚል ሰበብ ሲመጣ ዝም አትበሉ።

ኤኒያግራም ዘጠኝ ዓይነት አለው። ኦስካር ኢቻዞና ክላውዲዮ ናራንሆ ናቸው በዘመናዊ መልኩ ያስፋፉት። ከመለኪያነት ይልቅ ለመንፈሳዊ ራስን መመርመር የቀረበ ነው፤ ማስረጃው ደካማ ነው። ለትዳር ውሳኔ አልመክረውም።

ለታጩ ሰዎች፦ የጥንዶች መጠይቅ

የሚጋቡ ሰዎች ሲጠይቁኝ የምለው አንድ ነው። የጠባይ ቴስት ተራ ይጠብቅ። መጀመሪያ ስለ ትዳሩ ራሱ የሚጠይቅ መጠይቅ ሙሉ።

በጣም የታወቀው «ፕሪፔር ኤንሪች» ነው። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ኦልሰን ከባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው ነው። ሁለቱ ለየብቻ ይሞላሉ። ስለ ገንዘብ፣ ስለ ጠብ አፈታት፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዘመድና ጓደኛ፣ ስለ እምነት፣ ስለ ቤት ሥራ ድርሻ ይጠየቃሉ። ከዚያ የሠለጠነ አማካሪ ወይም የሃይማኖት አባት መልሶቻቸውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያወያያቸዋል። በክፍያ ነው፤ ብዙውን ጊዜም በአማካሪ በኩል ነው የሚሰጠው። ከሠርግ በፊት በተሞሉ መልሶች ከ3 ዓመት በኋላ ደስተኛ የሆኑትንና የተለያዩትን በጥሩ ደረጃ መለየት ተችሏል። ከላይ ያየናቸው ቴስቶች የተሠሩት ለዚህ አይደለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ይህ መጠይቅ የሚጠይቀው ሰዎቹ የሚኖሩትን ነገር ነው።

ውጭ አገር ያላችሁ ቤተ ክርስቲያናችሁን ወይም የትዳር አማካሪ ጠይቁ። አማካሪ ባታገኙ እናንተው ወረቀት ይዛችሁ፣ ለየብቻ ጽፋችሁ፣ ከዚያ መለዋወጥ ትችላላችሁ። የውጭ መጠይቆች የማያነሷቸው፣ ለእኛ ግን ትዳር የሚያፈርሱ ጥያቄዎች አሉ።

ለቤተሰብ የሚላክ ገንዘብ ስንት ነው? ማን ይወስናል? ታናሽ ወንድም ትምህርት እስኪጨርስ ነው ወይስ ከዚያም በኋላ? አንዱ ዓረብ አገር ሠርቶ ቤት ቢሠራ ቤቱ በማን ስም ይሆናል? ገንዘቡን የሚቀበለው ማን ነው? እናቴ ብቻዋን ብትቀር እኛ ጋር ትመጣለች? ስንት ሰው ሠርግ ላይ ይጠራል፤ ዕዳውንስ ማን ይከፍላል? እምነታችን ወይም የጾማችን አያያዝ ቢለያይ ልጆቹ በየት ያድጋሉ? ዲቪ ወይም የሥራ ቪዛ ቢደርስ አንዱ ቀድሞ ይሄዳል? ከሄደ እስከ መቼ ነው የምንለያየው? በጠባችን መሐል ሽማግሌ የሚገባው መቼ ነው? እነማን ናቸው?

በእነዚህ ላይ መለያየት ነውር አይደለም። ጎትማን እንደሚለው ጥንዶች ከሚጋጩባቸው ነገሮች 69 በመቶ ያህሉ ፈጽሞ የማይፈቱ፣ አብረው የሚኖሩ ልዩነቶች ናቸው። የሚያሰጋው ጥያቄው ሲነሳ አንዳችሁ በንቀት ከሳቀ ወይም «እሱን ከሠርግ በኋላ» እያለ ሁልጊዜ ከሸሸ ነው።

ስትሞሉ

ለየብቻ ሙሉ። አጋራችሁ ትከሻችሁ ላይ ሆኖ ሲያይ እውነቱ አይወጣም። በተጣላችሁበት ዕለት አትሙሉ። እንግሊዝኛው ከከበደ ገምቶ ከማለፍ የሚያስረዳ ሰው አጠገብ ይኑር። መሆን የምትፈልጉትን ሰው ሳይሆን ባለፈው ዓመት የነበራችሁትን ሰው መልሱ።

የሚቻል ከሆነ እህታችሁ ወይም የረጅም ጊዜ ጓደኛችሁ ስለ እናንተ ይሙላ። ሁለቱን ውጤቶች ስታስተያዩ ልዩነቱ ያለበት ቦታ ላይ ቆዩ። ራሳችሁ የማታዩት እዚያ አለ።

መግለጫው «ልክ እኔን ነው!» ቢያሰኛችሁም ወዲያው አትመኑት። በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ መምህር 39 ተማሪዎችን ፈተነና ለእያንዳንዳቸው የግል ውጤታቸው ነው ብሎ ወረቀት ሰጣቸው። ትክክለኛነቱን ከ5 እንዲያርሙ ሲጠይቃቸው አማካዩ ከ4 በላይ ሆነ። ወረቀቱ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር። እናንተም ሞክሩት። የራሳችሁን ዓይነት ካነበባችሁ በኋላ የተቃራኒውን መግለጫ አንብቡ። እሱም ከገለጻችሁ ቴስቱ ብዙ አልተናገረም።

ኢሜይልና ስልክ ካልሰጣችሁ ውጤት አላሳይም የሚል ድረ ገጽን ዝጉት። ስለ ፍርሃታችሁና ስለ ትዳራችሁ የሰጣችሁት መልስ የት እንደሚሄድ አታውቁም።

እንግዲህ የቱን?

ገና እየተዋወቃችሁ ከሆነ ምንም አትሙሉ፤ ወይም ኤምቢቲአይን ለጨዋታ ሙሉና ሰንጠረዡን ተዉት። በዚህ ደረጃ አብሮ ገበያ መሄድ፣ ዘመድ ቤት መሄድ፣ ሲደክመው ማየት ከየትኛውም መጠይቅ በላይ ያሳያል።

ከአንድ ፍቅር ወደ ሌላው ስትሄዱ ያው ችግር እየተደጋገመ ካስቸገራችሁ፣ ለብቻችሁ የአታችመንቱን መጠይቅና ባለ 120ውን ቢግ ፋይቭ ሙሉ። ውጤቱን ለማንም ማሳየት አይጠበቅባችሁም። ስጋቱ ወይም መረበሹ እንቅልፍ የሚነሳ ከሆነ ከሳይኮሎጂስት ጋር ይዛችሁት ቁጭ በሉ።

ከታጫችሁ የጥንዶች መጠይቁ ይቅደም። ሠርጉ ከመታወቁና አዳራሽ ከመያዙ በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ካርድ ከተበተነ በኋላ ማንም በነጻነት አይመልስም። ተለያይታችሁ የምትኖሩ ከሆነ አታችመንቱን ጨምሩበት።

ብዙ ዓመት የተጋባችሁ ከሆነ ደግሞ ከጠባይ ቴስት ይልቅ በትዳራችሁ ላይ የሚያወያይ ነገር ይበጃችኋል። ጠባያችሁን እርስ በርስ ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ።

ከእነዚህ ሁሉ ውጭ የሆነ አንድ ሁኔታ አለ። የሚመታችሁ፣ የሚያስፈራራችሁ፣ ስልካችሁን በግድ የሚበረብር፣ ከዘመድ የሚለያችሁ ሰው ካለ ምንም መጠይቅ አትሙሉ። «እሱ ዓይነቱ ነው» የሚል መልስ ማንም እንዲሰጣችሁ አትፍቀዱ። ለምታምኑት አንድ ሰው ዛሬ ንገሩ።